የኤል አሙስ አፍንጫ

ኤልዳና ጠዋት ከቤት ስትወጣ ፊቷን አትታጠብም። ሳሙና ያሳስታል። ቅባት የነካው ጸጉር፣ ሽንኩርት የላጠ እጅ፣ ማታ የተበላ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም ያሳስታል። ስለዚህ የአሽታችነት ሥራ የያዘ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ አፉን በውሃ ብቻ ተጉመጥምጦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነው። ደግነቱ ሩቅ አይደለም፤ ጉድጓዱ ከበሯ ፊት ለፊት ነው። የሰው ቁመት ያህል ከመሬት የወጣ ዝገት የበላው ቱቦ፣ አናቱ ላይ ማንም ሊያዞረው ያልቻለ መሪ የመሰለ ብረት፣ ሥሩ ደግሞ ቀን ከሌት የማያቋርጥ ሲርርር የሚል ድምፅ። ጎረቤቱ ድምፁን ለምዶት "ኤልዳና ዛሬም ሻይ ጥዳለች" እያለ ይቀልዳል።

ከቱቦው ጎን ግንቡ ላይ የመንግሥት ሳጥን ተሰቅሏል። ሳጥኑ የሴት ድምፅ አለው፤ ትሑት፣ የማይቸኩል፣ አንቱታ የማያጓድል። ሰፈሩ "እትዬ ሳጥን" ይለዋል።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኤልዳና።" ከሳጥኑ ቀዳዳ እፍ የሚል ትንፋሽ ይወጣል። "ምን ሸተተዎት?"

"ሎሚ።"

"አሁንስ?"

"ናፍጣ።"

"እናመሰግናለን። አሁን ወደ ጉድጓዱ ይጠጉ።" ኤልዳና ትጠጋለች፣ አንዴ ትምጋለች። "አለ ወይ?"

"አለ።"

"ለትብብርዎ እናመሰግናለን። መልካም ቀን ይሁንልዎት።"

አለ የሚባለው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። ኤልዳና ከተቀጠረች ጀምሮ በየማለዳው አለ ስትል ኖራለች። አለ ባለች ቁጥር ለቤቷ አንድ ጀሪካን ውሃ ይፈቀድላታል፤ ከዚህ ውጭ ምንም ሲሆን አይታ አታውቅም። ሥልጠና ላይ ያስተማሯቸውም ነገር አንድ ብቻ ነው። ይህ አየር ሌባ ነው ተባሉ። ጥቂቱ ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰርቀው አፍንጫን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ይመስለዋል። ከባድም ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሎሚው፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ። ሎሚው ሸቷችሁ እንቁላሉ ካልሸተታችሁ፣ በእውነት የለም ማለት ነው። ሎሚውም ካልሸተታችሁ ግን መልስ አትስጡ፣ ወደ ከፍታ ሩጡ። ኤልዳና ሎሚው ያልሸተታት ቀን ኖሮ አያውቅም።

ከተማዋ ኤል አሙስ ትባላለች። ስሙን ያወጡት በጥንት ጊዜ ግመል የሚያጠጡ ሶማሌዎች ናቸው፤ በቋንቋቸው "ዝም ያለው ጉድጓድ" እንደማለት ነው። በዘመነ ጋዝ ሥራ ፍለጋ ከደጋ የወረደው ሕዝብ ግን "ኤል ሐሙስ" ብሎ ሰማውና ገበያውን ሐሙስ ሐሙስ አቆመ። እስከ ዛሬም ሐሙስ ነው የሚውለው። የኤልዳና ጎረቤት አሮጊቷ ሐሊሞ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ትስቃለች። ጉድጓዱ ለምን ዝም ያለው እንደተባለ ሲጠይቋት ግን እሷም አታውቅም።

ከዚያ ዓለም ጋዝ ይቅርብኝ አለ። ኩባንያዎቹ እንደ ባለዕዳ ሌሊት ተነሥተው ሳይሆን በሰላምታና በሽኝት፣ በኬክና በንግግር ሄዱ። ሜዳው ላይ የተረፉትን ጉድጓዶች መንግሥት "ቀሪ" ብሎ ሰየማቸው፤ የሚጠብቃቸውንም "የቀሪ ጉድጓዶች አገልግሎት" አለው። የሰፈሩ ቀልደኞች እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ ከሆነ ቀሪ መባል የነበረባቸው የሄዱት ናቸው ይሉ ነበር። አገልግሎቱ መሣሪያ ቢገዛ አሸዋና ሙቀት ይበላበታል፤ አፍንጫ ግን አይሰበርም፣ መለዋወጫም አይጠይቅም። በየጉድጓዱ አንድ አሽታች ቀጠረ። የኤል አሙስ አፍንጫ ኤልዳና ሆነች።

ልጇን ሳምራዊትን ግን በዚህ አየር አላሳደገችም። ልጅቷ ሁልጊዜ ራሷን ያማት ስለነበር ገና ከሕፃንነቷ ድሬዳዋ ወዳለችው የራሷ እህት ላከቻት። አሁን ሳምራዊት አግብታለች፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ሳምራዊት በደወለች ቁጥር እመጣለሁ ትላለች፤ ኤልዳና በደወለች ቁጥር አይሆንም ትላለች። አንድ ጊዜ ልጅቷ አልቅሳ፣ ታዲያ እናት የለኝም ልበል ወይ ብላ ዘጋችባት። ኤልዳና ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

እንግዲህ አገልግሎቱ የጽዳት ዘመቻ ብሎ ወደ ኤል አሙስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የዘመቻው ኃላፊ ኢንጂነር ያፌት የሚባል፣ ዓይኑ ሥር እንቅልፍ ማጣት የጠቆረበት፣ ጨዋ ሰው ነበር። ከዝናቡ በፊት ጨርሱ የተባለው ጉድጓድ ብዙ ነው። ሠራተኞቹ ሲሚንቶ አፈሰሱ፣ ቱቦውን ከመሬት በታች ቆረጡ፣ አፈር አለበሱት። ላዩ ላይ የተከሉት ሣር እንዳይደርቅ ውሃ ይያዝ ብለው መሐሉን ሰርጎድ አድርገው አስተካከሉት። በሰሜን በኩል ካለው ጉብታ ሲያዩት አረንጓዴ ሳህን ይመስላል። ሲርርር የሚለው ድምፅ ቆመ። ሰፈሩ በዝምታው የተነሣ ለጥቂት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ኤልዳና በማግሥቱ ሳጥኑ ፊት ቆመች። ሎሚው ሸተታት። ናፍጣው ሸተታት። ወደ ሣሩ ተጠግታ ማገች።

"አለ ወይ?"

"የለም" አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ አዲስ ስለሆነባት ደገመችው፤ "የለም።"

እውነትም አልነበረም። ያን ዕለት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አጨበጨበ፤ ኢንጂነር ያፌትም "ይህ መሬት ነፅቷል" የሚል ሰሌዳ ተከለ። ሠራተኞቹ ሳጥኑን ከግንቡ ሲነቅሉት ኤልዳና ምነው ብላ ጠየቀች።

"የነፃ ቦታ አሽታች አያስፈልገውም፣ እትዬ" አላት። "እንኳን ደስ አለዎት። ጡረታ ወጡ ማለት ነው።"

ውሃው እንዳይቋረጥባቸው ብሎ ባሏን ታምሩን የሣሩ ጥበቃ አድርጎ ቀጠረው። ኤልዳና ለሳምራዊት የደወለችው መኪናዎቹ አቧራቸው ሳይረግፍ ነው። ነይ አለቻት። ልጅቷ ሆዷን ይዛ፣ እየሳቀች መጣች።

አንድ ማለዳ፣ ልጅቷ ከመጣች ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ኤልዳና እንደ ልማዷ ፊቷን ሳትታጠብ ወጥታ ሣሩ ዳር ቆመች። የሚጠይቃት የለም፤ እግሯ ነው ያመጣት። ያኔ ሽው አለባት። ቀጭን ሽታ ናት፣ እንደ ክር። እንቁላል። ደግማ ማገች፤ የለም። ሦስተኛ ማገች፤ የለም። ጠፋ ማለት ነው አለች ለራሷ። የድሮው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቶ ነው አለች። ሎሚ ቤቷ ውስጥ ነበር፣ አንዱን ቆርጣ አፍንጫዋን መፈተን ትችል ነበር። አልፈተነችም። ምክንያቱም ሳምራዊት ከውስጥ እየዘፈነች የሕፃን ጨርቅ ታጣጥፍ ነበር፤ አለ ማለት ልጄ ሆይ ተመለሺ ማለት ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ እንደሚባለው ኤልዳና አፍንጫዋን ዳባ አልብሳ ገባች።

ታምሩ የሞተው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ምሳውን በልቶ፣ ሣሩ መሐል ያለው ሰርጓዳ ቦታ ይቀዘቅዛል ብሎ ኮቱን አጥፎ ተንተራሰና ጋደም አለ። ሲቀሰቅሱት አልነቃም። ፊቱ ላይ ምንም ሕመም አልነበረም፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ አረፋ ብቻ። ልቡ ነው አሉ። ፀሐይ ነው አሉ። ዕድሜ ነው ያሉም ነበሩ። ገላውን ሲያጥቡት የአንገቱ የብር መስቀል እንደ ከሰል ጠቁሮ ተገኘ፤ ላብ ነው ተባለ። ኤልዳና መስቀሉን በነጠላዋ ጫፍ ብታሽ ብታሽ አልነጣ አላት። ባሏ ሞቷል፤ ስለ መስቀል የሚያስብ ልብ አልነበራትም።

ድንኳኑን የተከለው ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ለእድሩ ፍራሽና ብርጭቆ እንደ ገዛ ልጆቹ የሚሳሳ ሰው። የት ይተከል ሲባል ሁሉም ያሰበው አንድ ቦታ ነው። ሰፈሩ ድንጋይ ነው፤ የሰው እጅ ያስተካከለው ሜዳ ሣሩ ብቻ ነው። ሟቹም የጠበቀው መሬት አይደል። አገልግሎቱም ሲጠየቅ በደስታ ፈቀደ፤ የነፃ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ዋለ የሚል ነገርም ጨመረበት። ጥጋቡ ድንኳኑን ነፋስና አሸዋ እንዳያስገባ ዙሪያውን በድንጋይ አስያዘው። ወንዶች በአግዳሚ ወንበር፣ ቤተዘመድና ሴቶች መሐል ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው መሬት ተቀመጡ።

ቀብሩ አለፈ። ማግሥቱን ረፋድ ላይ ኤልዳና ልጇን ጎኗ አድርጋ ፍራሹ ላይ ነበረች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንባው ይወርዳል፣ ያሳልሳል፣ ራሴን ወጋኝ ይላል። ለቅሶ ቤት ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን። የኤልዳናም ዓይን ይቃጠል ነበር። ስላለቀሰች መሰላት። ሳምራዊት ከጎኗ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ምስኪን አሉ ሴቶቹ፣ ትተኛ፣ ሁለት ነፍስ ናት።

ሐሊሞ ገባች። ጉልበቷ ስለማይታጠፍላት ሁልጊዜ ወንበር ይሰጧታል፤ ከኤልዳና ራስ በላይ ተቀምጣ ሎሚ በቢላ እየቆረጠች ለሴቶቹ ውሃ ላይ መጭመቅ ጀመረች። አንዱን ግማሽ ለኤልዳና አቀበለቻት። ኤልዳና ሎሚውን በእጇ ይዛ ልጇን ተመለከተች። የሳምራዊት የአንገት መስቀል ከቀሚሷ ወጥቶ ፍራሹ ላይ ወድቋል። ድሬዳዋ ሳለች የገዛችው፣ ሲመጣ እንደ መስታወት ያበራ የነበረ ብር ነው። ጠቁሯል።

ኤልዳና እጇ ላይ ያለውን ሎሚ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጭማቂው በጣቶቿ መሐል ይወርዳል፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ሽታ ግን የለውም። እርጥብ ጨርቅ ያሸተተች ያህል ነው። በጣም አስጠግታ፣ አፍንጫዋን ልጣጩ ውስጥ ቀብራ ማገች። ምንም።

"ኤዶ" አለቻት ሐሊሞን፣ እንደ ሶማሌዎቹ አክስቴ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይሄ ሎሚ ይሸትሻል?"

ሐሊሞ ከወንበሯ ላይ ሆና የያዘችውን አሸተተች። "ሎሚ ነዋ። ሎሚ ሎሚ ይላል።"

ከወንበሩ ላይ ይሸታል። ከፍራሹ ላይ አይሸትም። ኤልዳና ቀና አለች። የድንኳኑን ሰው አየች፤ መሬት ላይ የተቀመጡትን፣ የተጋደሙትን፣ በዝቅታ የሰመጡትን። ከጎኗ የተኛችውን ልጇን አየች። ሳምራዊት ከንፈሯ ላይ ትንሽ አረፋ ነበር።

"ተነሡ" አለች። ማንም አልሰማትም። ከፍራሹ ብድግ ብላ ጮኸች። "ተነሡ! መሬቱ ነው፣ ሽታው ነው፣ ውጡ!"

እንዲህ ያለውን ጩኸት የሰፈሩ ሴቶች ያውቁታል። ባሏ የሞተባት ሴት ነች። ልቧ ቢደነግጥ፣ አእምሮዋ ቢበር፣ ራሷን ድንጋይ ላይ ብትጥል ምን ይገርማል። ለዚህ ነው ሰው አጠገቧ የሚቀመጠው። ከግራ አንዲት፣ ከቀኝ ሁለት ሆነው ያዟት። ክንዷን ያዙ፣ ወገቧን ያዙ። አይዞሽ አሏት። ጠንከር በይ አሏት። ልጅሽን አታስደንግጪ አሏት። እየተንሰቀሰቁ፣ እየራሩላት፣ ጎትተው መሬት አስቀመጧት። ኤልዳና ስትታገላቸው የባሰ አጥብቀው ያዟት። በሥልጠና ያስተማሯት ነገር ይህ አልነበረም። ወደ ከፍታ ሩጡ ነው የተባለችው፤ ጎረቤቶቿ በፍቅር ይዘው ወደ ዝቅታ ቢያስቀምጧት ምን ማድረግ እንዳለባት ማንም አልነገራትም። ራሷ ዞረ።

ያኔ መታገሏን ተወች። ሴቶቹ ተረጋጋች ብለው ሲላሉላት ቀስ ብላ ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ጣለች። ሙሾ አወረደች።

መሬቱ ነው አሉ፣ ታምሩን የቀማኝ፣
አልቀመጥበትም፣ ቆሜ ላልቅስ ስማኝ።

ሙሾ ሌላ ነገር ነው። አብዷል ያሉትን ሰው መያዝ ይቻላል፤ የሟች ሚስት ቆማ ሙሾ ስታወርድ ግን መቀመጥ ነውር ነው። መጀመሪያ የያዟት ሦስቱ ደረታቸውን እየመቱ ቆሙ። ቀጥሎ ሌሎቹ። አግዳሚው ላይ ያሉት ወንዶችም አንገታቸውን ደፍተው ተነሡ። ኤልዳና እየዘለለች ወደ መውጫው ሄደች።

ተነሡ እንውጣ፣ ወደ ጉብታው፣
እዚያ ነው እንጂ፣ የታምሩ ቦታው።

ሕዝቡ እየተቀበላት ተከተላት። አንዲት የአክስት ልጅ ሳምራዊትን ተያት፣ ትተኛ አለች። አባቷን ሳትሸኝ ነው የምትተኛው አለች ኤልዳና በዚያው በሙሾ ዜማ፣ ፊቷን ሳትለውጥ፤ በልጅቷ ብብት ሥር ገብታ አነሣቻት። ሳምራዊት እንደ እርጥብ ጋቢ ከብዳ ነበር። ሁለት ሴቶች እግሯን ያዙ። ሐሊሞ በከዘራዋ፣ ወንዶቹ ከኋላ፣ እያለቀሱ፣ እየደለቁ፣ ለምን እንደሚሄዱ ሳያውቁ ጉብታው ላይ ወጡ። ጉብታው ላይ ነፋስ ነበር። ሳምራዊት አስመለሳት፣ አለቀሰች፣ እማ አለች። ኤልዳና ሙሾዋን ያቆመችው ያኔ ነው።

ነገሩን ስትነግራቸው ያመናት ጥቂት ሰው ነው። የፈሩት ይደርሳል ነው፤ የባሏ ሞት ይህን አሳሰባት አሉ። አንዳንዱ ተቆጣ። ጥጋቡ ከሁሉ በላይ ተቆጣ። የእድር ፍራሽ፣ የእድር ብርጭቆ ሜዳ ላይ ጥሎ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ፍየል ቢገባበት ማን ሊጠየቅ ነው። ኤልዳና አትሂድ ብላ እጁን ያዘች። ጥጋቡ በአክብሮት እጇን አላቀቀና ወደ ድንኳኑ ወረደ።

ከጉብታው ላይ ሁሉም ያዩታል። የድንኳኑን መጋረጃ ወደ ላይ ጠቅልሎ አሰረው። ቆሞ ሳለ ደህና ነበር፤ እንዲያውም ወደ እነሱ ዞሮ እጁን አወዛወዘ፣ አያችሁ እንደማለት። ከዚያ የፍራሹን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ አለ።

ቀና አላለም።

ታናሽ ወንድሙ እየጮኸ ሊሮጥ ሲል ኤልዳና ወገቡ ላይ ተጠመጠመች። እሷን ይዘዋት የነበሩት ሴቶችም አሁን አብረዋት ያዙት። ልጁ መሬት እየደበደበ ወንድሜን ልቀቁኝ አለ። አልለቀቁትም። አይዞህ አሉት።

አገልግሎቱ ሲነገረው በጣም አዘነ። ማዘኑንም በዚያች በትሑቷ ድምፅ ለሁሉም በየስልኩ ነገረ። ቡድን እስኪደርስ ሕዝቡ ጉብታው ላይ ይቆይ፣ መኪና ይመጣል፣ መንገዱን ጎርፍ ስለወሰደው ጥቂት ትዕግሥት ይደረግ አለ። እስከዚያው ሥራው እንዳይስተጓጎል አንድ ሰው አልባ በራሪ አሸዋውን እያናፈሰ መጥቶ ሳጥን ጣለላቸው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሳይለወጥ ከላይ ሆነው ይታያቸዋል፤ ይህ መሬት ነፅቷል። ከሰሌዳው አጠገብ ጥጋቡ አለ። የሚያነሣው ሰው አልተገኘም።

ሕዝቡ እዚያው አደረ። ነፋሱ ከመንጋቱ በፊት ቆመ። ኤልዳና ከልጇ አጠገብ ተነሥታ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ድንጋይ ላይ ወዳስቀመጡት ሳጥን ሄደች። የሐሊሞ ፍየሎች የወትሮውን አልጮኹም፤ የት እንዳሉም አላየችም።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኤልዳና።" ከቀዳዳው እፍ የሚል ትንፋሽ ወጣ። "ምን ሸተተዎት?"

ኤልዳና ጎንበስ አለች። ትንፋሹ ጉንጯን ነካት፤ ቀዝቃዛ ነው። ጠበቀች።

"ምን ሸተተዎት?"

ምናልባት አፍንጫዬ ትናንት ድንኳኑ ውስጥ ሞቷል አለች በልቧ። ሞቶ ከሆነ እሰየው፤ እሱ ብቻ ይሁን የሞተው። ዞር ብላ ሐሊሞን ጠራቻት። አሮጊቷ ከኪሷ ሎሚ አወጣች፣ በቢላ ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ሎሚውን አገላብጣ አየችው።

"ያረጀ ሎሚ ነው" አለች።

ጭማቂው ግን በክንዷ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

"ወይዘሮ ኤልዳና፣ መልስዎን እየጠበቅን ነው" አለ ሳጥኑ። "አለ ወይ?"

ኤልዳና መልስ አልሰጠችም። ወደ ሳምራዊት ሮጠች፣ ቀሰቀሰቻት፣ በብብቷ ሥር ይዛ አቆመቻት። ልጅቷ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በቀሉ ዓይኖቿ እያየቻት፣ ወዴት ነው እማ ብላ ጠየቀች።

"ወደ ላይ" አለቻት።

ከዚያ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ኤል አሙስ ውስጥ ከዚያ ጉብታ የሚበልጥ ከፍታ አልነበረም።